የብረቱና የወረቀቱ መጋጠሚያ

ባለፈው ጥቅምት አቶ ፈንቴ ጫግኒ ላይ ማረፋቸውን ሰምቼ ለቀብር ወረድኩ። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ከቀድሞው መሥሪያ ቤታችን የተላከ አንድ ወጣት ነበር። በስልክ ሙያ ለጥቂት ዓመታት በቅንነት አገልግለው በገዛ ፈቃዳቸው ሥራ እንደለቀቁ አነበበና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ልጁን አልወቅሰውም፤ የጻፈው እሱ አይደለም። ጽፈው የሰጡት ሰዎች ግን ለሞተ ሰው እንኳ እውነት ለመናገር የሚሰንፉ ናቸው። “በገዛ ፈቃዳቸው” የሚለው ሲነበብ ከጎኔ የቆመው የድሮው የመስመር ሠራተኛችን ቢያዝን ዞር ብሎ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ዝም ማለት ከወጣትነቴ ጀምሮ የተካንኩበት ሙያ ነው።

አቶ ፈንቴን ያወቅኋቸው በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ ዳንግላ የስልክ ጣቢያ በቴሌፎንኛነት ስቀጠር ነው። እርሳቸው የጣቢያው መካኒክ ነበሩ። የባንጃ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሙያ ተምረው፣ እዚያው ቅሩ ሲባሉ እምቢ ብለው ወደ አገራቸው የተመለሱ። አጭር፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ጣታቸው ግን እንደ ሸማኔ ጣት የቀጠነ ሰው ነበሩ። ከራሳቸው የማይለይ ቡኒ ባርኔጣም ነበራቸው። ሰው የማይረባ ነገር ሲናገራቸው አይከራከሩም፤ ባርኔጣቸውን ያወልቁና ውስጡን ትኩር ብለው አይተው መልሰው ይደፉታል። ምን እንደሚፈልጉ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ “ሰውየው የጠፋበት ነገር ምናልባት እኔ ጋ ወድቆ እንደሆነ ብዬ ነው” አሉኝ።

ንቀት ያውቁ ነበር። የሚንቁት ግን ያልተማረውን አልነበረም፤ ገበሬ ስለ ስልኩ ቢጠይቃቸው ግማሽ ቀን ቆመው ያስረዳሉ። የሚንቁት ተምሮ የማያስበውን ነው። እንዲያ ያለው ሰው ደግሞ በመሥሪያ ቤታችን ሞልቶ ተርፎ ነበር።

ከዳንግላ ተነስቶ በአዲስ ቅዳም አድርጎ እንጅባራ የሚደርሰው መስመር ያን ጊዜ አንዲት የብረት ሽቦ ነበረች። ክረምት ሲገባ ዛፍ ይወድቅባታል፣ ምሰሶው ይዘማል፣ ትበጠሳለች። ስትበጠስ እኔ የስልኩን እጀታ ባዞር ባዞር የሚመልስልኝ የለም። ከዚያ የመስመር ሠራተኛችን ቢያዝን ፈረሱን ይጭናል። የተበጠሰበትን ቦታ የሚያውቅ ስለሌለ ከዳንግላ ጀምሮ ሽቦዋን ሽቅብ እያየ በዝናብ ይጓዛል፤ አንዳንዴ ቦታውን የሚያገኘው በሁለተኛው ቀን ነው። እስከዚያ ሐኪም የሚጠራውም፣ መኪና የሚለምነውም፣ መርዶ የሚልከውም አፉ ተዘግቶ ይቀመጣል። አቤቱታ ብንጽፍ ከበላይ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፤ የመስመር ሠራተኛው ፍጥነት እንዲጨምር ይነገረው የሚል። አቶ ፈንቴ ደብዳቤውን ይዘው ወደ ግቢው ወጡና ለቢያዝን ፈረስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡለት።

ሣጥኑን መሥራት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ጣሊያን ጥሎት ከሄደው የተሰባበረ የስልክ ማዞሪያ ውስጥ ሃያ አራት ሪሌ አወጡ። ሪሌ ማለት ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ጠቅ ብሎ የሚዘጋ፣ ሲለቀው የሚከፈት፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ብረት ነው። ሐሳባቸው ከሚዛን ብዙ አይለይም። የተበጠሰችው ሽቦ ርጥብ መሬት ላይ ስትወድቅ፣ የላክንባት ኤሌክትሪክ ከወደቀችበት ሲደርስ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ቦታው በራቀ ቁጥር ጉልበቱ ይደክማል። እንግዲህ በአንድ ወገን ሽቦዋን፣ በሌላው ወገን ልካቸው የታወቀ የሽቦ ጥቅሎችን እያፈራረቁ ማመዛዘን ነው። ከእሷ ጋር የሚስተካከለው ጥቅል ሲገኝ ብልሽቱ የት እንዳለ ታወቀ ማለት ነው። መስመሩን አሥራ ሁለት ቦታ ከፈሉት፤ ለየክፍሉም አንዳንድ ትንሽ አምፖል አበጁለት። ጥቅሎቹ በምን ተራ እንደሚሞከሩና የት ላይ እንደሚቆም ለሣጥኑ የሚነግረው ቀዳዳ የተበሳበት የወረቀት ጥብጣብ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተር የሚሉትን ሳይ የሚታወሰኝ እሱ ነው። የሚሠራ ብረት አለ፤ ብረቱን የሚያዝ ጽሑፍ አለ።

ጥብጣቡን በወስፌ የምበሳው እኔ ነበርኩ። አቶ ፈንቴ መጀመሪያ ሁሉን ነገር ለብረቱ ሰጡት፤ ሃያ አራቱ ሪሌ አልበቃም። ቀጥለው ሁሉን ወረቀቱ ላይ ጫኑት፤ ጥብጣቡ አራት ክንድ ያህል ረዝሞ ሣጥኑ ውስጥ ይቀደድ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ጣቴ ተልጦ ነበርና አንድ ዓይነት ቀዳዳ አሥራ ሁለት ጊዜ መብሳት እንደሰለቸኝ ነገርኳቸው። ሌላ አለቃ ቢሆን አርፈህ ሥራህን ሥራ ይለኝ ነበር። እርሳቸው የያዙትን ካቻቢቴ አስቀምጠው የሚደጋገመውን ቀዳዳ አንድ በአንድ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። በማግሥቱ ሣጥኑን ፈትተው ሁለት ሪሌ አዛወሩና ድግግሞሹን ብረቱ እንዲሸከመው አደረጉ። ጥብጣቡ ስንዝር ተኩል ሆነ።

“የማይለወጠውን ለብረቱ፣ የሚለዋወጠውን ለወረቀቱ እንሰጣለን” አሉኝ። “የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ካልሠራህ አታውቀውም።”

ከዚያም ወደ እንጅባራ በኩል ያለው ልኬት እየተሳሳተ አስቸገረን። ዝናብ ያልጣለበት ቀን እንኳ ይሳሳታል። ሚስጥሩን የነገራቸው ቢያዝን ነው። በአገውኛ ረጅም ጨዋታ ከተጫወቱ በኋላ እንደገባኝ፣ በዚያ በኩል ጉም ሲወርድ ሽቦዋ የምትታሰርባቸው ሲኒዎች ያልባቸዋል፤ ኤሌክትሪኩም በየምሰሶው እየተንጠባጠበ ያልቃል። አቶ ፈንቴ ለበጋ፣ ለዝናብና ለጉም የሚሆኑ ሦስት ጥብጣቦች አስበሱኝ። ለጉሙ እንዲመች ብለውም የጥቅሎቹን ተራ አዘበራረቁት፤ አንደኛው አጠገብ ሰባተኛው፣ ከእሱ ቀጥሎ አራተኛው ተቀመጠ። ለዓይን የሚያስጠላ ነበር። ጥብጣቡ ግን ያንን ጠማማ ተራ ስለሚያውቀው አይሳሳትም።

በሐምሌ ሽቦዋ ስትበጠስ የጉሙን ጥብጣብ አስገባን። ሪሌዎቹ ሲንጣጡ ቆዩና ዘጠነኛው አምፖል በራ። ቢያዝን ስምንቱን ክፍል ሽቦዋን ቀና ብሎ ሳያይ አልፎ፣ ዘጠነኛው ላይ ደርሶ፣ ወድቃ አገኛት። ከሰዓት በኋላ የእንጅባራው ቴሌፎንኛ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ገባ። ቢያዝን ሲመለስ በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ሲመላለስ አገሩን ያየው ዛሬ ገና እንደሆነ ብቻ ነገረን።

ወሬው ሽቅብ ሄደና ዋና ተቆጣጣሪው መጣ። ስሙን አልጠራውም፤ ልጆቹ በሕይወት አሉ። የለበሰው ሱፍ ከእሱ የበለጠ የተማረ ይመስል ነበር። ሣጥኑን ዞሮ ዞሮ አየና ቀለም ያልተቀባው ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ሽቦዎቹ ለምን ወጥ ተራ እንደሌላቸው ጠየቀ። እንዴት እንደሚሠራ አልጠየቀም። በመጨረሻ ሣጥኑ ተሻሽሎ በወግ እንዲሠራ መወሰኑን አስታወቀን፤ ብረቱ ዋና ከተማ ወዳለው መሣሪያ ክፍል፣ ጥብጣቦቹ ወደ መመሪያ ክፍል ይላካሉ።

አቶ ፈንቴ አንዱ ሲነካ ሌላው እንደሚነካ በትሕትና ነገሩት።

“ለዚህ እኮ ነው ክፍሎች ደብዳቤ የሚጻጻፉት” አላቸው።

አቶ ፈንቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን አዩ።

ሣጥኑ የተመለሰው በሚቀጥለው ሰኔ ነው። አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ የመሣሪያ ክፍሉ ስም የተቀረጸበት የናስ ሰሌዳ ተለጥፎበታል። ጥብጣቦቹም በየራሳቸው ማኅተም ተመትቶባቸው፣ ማንም ሰው ቀዳዳ እንዳይጨምርና እንዳይደፍን ከሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ጋር መጡ። አቶ ፈንቴ ክዳኑን ከፍተው ለማወቅ ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም። መሣሪያ ክፍል የነበሩት ባለሙያዎች ጠማማው ተራ አላማራቸውምና ጥቅሎቹን ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት እንደ ተማሪ አሰልፈዋቸዋል። ጥብጣቡ የሚያዘው በድሮው ተራ ነው፤ ብረቱ የሚሄደው በአዲሱ። ሣጥኑ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ አምፖል ያበራል፣ የሚያበራው ግን ሌላ ነው።

ለሁለቱም ክፍል ጻፉ። መሣሪያ ክፍል፣ ወረቀት እንደማይመለከተው መለሰ። መመሪያ ክፍል፣ ጥብጣቡ ከጸደቀው ቅጂ ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጠ። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ፎቅ ላይ፣ ፊት ለፊት በር ለበር እንደነበሩ በኋላ ሰምቻለሁ። አቶ ፈንቴ “አትመኑት” ብለው በትልቁ ጽፈው ሣጥኑ ላይ ለጠፉ።

በነሐሴ ዋና ተቆጣጣሪው ለጉብኝት ዳንግላ በገባ ማግሥት ጠዋት ሽቦዋ ተበጠሰች። ሰውየው ደስ አለው። ማስጠንቀቂያውን ገንጥሎ ጣለና ሣጥኑን አስነሳው። ሦስተኛው አምፖል በራ።

አቶ ፈንቴ በእርሳስ የሠሩት ሠንጠረዥ ነበራቸው፤ አውጥተው አዩት። ይህ ብረት ከዚህ ጥብጣብ ጋር ሆኖ ሦስት ሲል ዘጠኝ ማለቱ እንደሆነ፣ ብልሽቱም ከአዲስ ቅዳም ወዲያ እንደሆነ ነገሩት።

“አምፖሉ ሦስት ነው የሚለው፣ አቶ ፈንቴ።”

“አምፖሉ የሚለውን ሳይሆን የሚያየውን ነው የምነግርዎ፣ ጌታዬ።”

ሰውየው ቢያዝንን ወደ ሦስተኛው ክፍል አዘዘው። ራሱም በጂፕ ተከተለው። ሦስተኛው ክፍል ከዳንግላ አይርቅም፤ ሽቦዋ እዚያ ከምሰሶ ምሰሶ ሙሉ ናት። በዚህ ጊዜ ጤነኛ ሰው አምፖሉን ይጠራጠራል። ተቆጣጣሪው የተጠራጠረው ሽቦዋን ነው። ከሥር የማይታይ የተሰነጠቀ ሲኒ መኖር አለበት ብሎ፣ ቢያዝን ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ እየወጣ እንዲያይ አዘዘ። ዝናቡ እየወረደ ነበር። ቢያዝን ስድስቱን ወጥቶ ወረደ። ሰባተኛው ላይ አዳለጠው።

አቶ ፈንቴ ከጣቢያው እንዳይወጡ ታዝዘው ነበር። ጂፑ ከዓይን እንደተሰወረ ጥቅል ሽቦ፣ ፒንሳና የመስመር መሞከሪያ ስልክ ያዙና ወደ እንጅባራ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈሩ። እኔ ማዞሪያው ፊት ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደወሉ ጮኸ። ሳነሳው እርሳቸው ናቸው።

“ዘጠነኛው ነው፤ ባሕር ዛፍ ወድቆባት ነው። ቀጥያታለሁ። ለቢያዝን ላክበትና ይመለስ።”

በዚያች ሰዓት ቢያዝን ተመልሶ ነበር። አራት ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸክመው ግቢው ውስጥ አስገብተውት፣ በመስኮቱ አየዋለሁ፤ ፊቱ እንደ አመድ ሆኗል። ተቆጣጣሪው ከአጠገቡ ቆሞ የጫማውን ጭቃ ያራግፋል። ለአቶ ፈንቴ ነገርኳቸው። ከወዲያ ዝናቡ ሽቦዋ ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል። “የትኛው እግሩ ነው?” አሉኝ።

ዳሌው ነው። ሐኪሙም ወጌሻውም የቻሉትን አደረጉ፤ ቀኝ እግሩ አጥሮ ቀረ።

ተቆጣጣሪው ለበላይ ያቀረበውን ሪፖርት በስልክ ያስተላለፍኩት እኔ ነኝና ቃሉ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። በመስመሩ ላይ የደረሰው ብልሽት በተሻሻለው መሣሪያ ተጠቁሞ በዕለቱ ተጠግኗል፤ አንድ የመስመር ሠራተኛ በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ቀላል ጉዳት ደርሶበታል። ቀላል ጉዳት። ይህን ሲያስነብበኝ ሻይ ይጠጣ ነበር።

አቶ ፈንቴ ዝም አላሉም። ከሰሱ። በኅዳር ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ መጣና የጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ተሰየመ። ተቆጣጣሪውም አብሯቸው ነበር፤ የተከሰሰው ሰው ከአጣሪዎቹ ጎን ተቀምጦ እርሳስ ይቀርጽላቸዋል። መጀመሪያ የመሣሪያ ክፍሉ ደብዳቤ ተነበበ፤ ብረቱ ልክ ነው። ቀጥሎ እኔን ጠሩኝ። ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ጥብጣብ ከጸደቀው ቅጂ ጋር አንድ ነው ወይስ ልዩነት አለው ብለው ጠየቁኝ። አንድ ነው አልኩ። ሌላ የምለው እንዳለ ሲጠይቁኝ የለም አልኩ። ወረቀት አቀረቡልኝ፤ ፈረምኩ።

አቶ ፈንቴ ተነሱ። “ብረቱም ልክ ነው፣ ወረቀቱም ልክ ነው ተባለ። መጋጠሚያቸው የማን ነው?” ብለው ጠየቁ።

ሰብሳቢው የመሥሪያ ቤቱን የአደረጃጀት ዝርዝር አስመጥቶ በጣቱ እየተከተለ ፈለገ። እየቀለድኩ አይደለም፤ በእርግጥ ፈለገ። እንዲህ የሚባል ክፍል አላገኘም። ጥያቄው ከተያዘው ጉዳይ ጋር ግንኙነት የለውም ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ብረቱ ንጹሕ፣ ወረቀቱ ንጹሕ፤ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው የቢያዝን እግር ነው። አቶ ፈንቴ ደግሞ ያለ ፈቃድ ከሥራ ቦታ በመውጣት ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው።

ኮሚቴው ምሳ ሲሄድ አቶ ፈንቴ ሣጥኑን ከመደርደሪያው አውርደው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡትና ክዳኑን ፈቱት። ጥብጣቡን ከጎናቸው ዘርግተው፣ ቀዳዳዎቹን እያነበብኩ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። የሁለት ሰው ሥራ ነው። ማዞሪያውን መጠበቅ እንዳለብኝ ነገርኳቸው። ማዞሪያው ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸም፤ እሳቸውም ያውቃሉ። አልተቆጡም። በአንድ እጃቸው ጥብጣቡን፣ በሌላው መበየጃውን ይዘው ሁለት ሰዓት ያህል ሠሩ። ጥቅሎቹን ወደ ጠማማው ተራ መለሷቸው። ኮሚቴው ጠግቦ ሲመለስ የመጨረሻውን ብሎን እያጠበቁ ነበር።

የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ ነካክተዋል ተብለው በሳምንቱ ተባረሩ። “በገዛ ፈቃዳቸው” የተባለው ይህ ነው።

ወደ ጫግኒ ሲሄዱ ልሸኛቸው ወጣሁ። መኪናው ላይ ጭድ ተነጥፎ ቢያዝን ተጋድሞበታል። ጫግኒ ላይ ሬድዮ የሚጠግኑበት ቤት ይከፍታሉ፤ ሽቦ መጠቅለል ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ነውና ለቢያዝን ያስተምሩታል። ዕቃቸውን አንስቼ ካቀበልኳቸው በኋላ ሳይጠይቁኝ ራሴን መከላከል ጀመርኩ። የፈረምኩት እውነት መሆኑን፣ ጥብጣቡ ከቅጂው ጋር በእርግጥ አንድ እንደነበር ነገርኳቸው።

አቶ ፈንቴ መኪናው ላይ ሆነው ጎንበስ አሉልኝ። “እሱማ እውነት ነው፣ ልጄ። እነሱም አውቀው ነው ያንን ብቻ የጠየቁህ” አሉኝ።

ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላወለቁም። ያ ከስድብ ሁሉ ከበደኝ።

ሣጥኑ እርሳቸው በዚያች የምሳ ሰዓት አስተካክለው ስለሄዱ ለብዙ ዓመት ያለ ስህተት ሠራ። ተቆጣጣሪው በእሱ ተመስግኖ ወደ ላይ ወጣ፤ ሌላም ሌላም ነገር እያሻሻለ በሹመት አርጅቶ ሞተ። እኔም ከቴሌፎንኛነት የጣቢያው ኃላፊ ሆንኩ።

በመጨረሻ አዲስ መሣሪያ የሚተክሉ ባለሙያዎች መጡና አሮጌውን ዕቃ ያወጡ ጀመር። ከመካከላቸው አንዱ ወጣት የሣጥኑን ክዳን ከፍቶ ውስጡን ሲያይ ሥራውን አቆመ። ጥብጣቡን አንስቶ ከሽቦዎቹ ጋር እያስተያየ ብዙ ቆየ። ጓደኞቹ ቢጠሩት አልሰማቸውም።

“ይህን የሠራ ሰው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ነው ያሰባቸው” አለኝ። “ማን ነው?”

የሚያባርረኝ ሰው አልነበረም። የሚቆጣኝም አልነበረም፤ የጣቢያው ኃላፊ እኔው ነኝ። ነገር ግን ስማቸውን ከጠራሁ የት እንዳሉ ይጠይቀኛል፤ የት እንዳሉ ከነገርኩት ለምን እንደሄዱ ይጠይቀኛል፤ ቀጥሎ ያን ጊዜ አንተ የት ነበርክ ማለቱ አይቀርም።

“የድሮ ነገር ነው፤ አላስታውስም” አልኩት።

ወጣቱ በትሕትና አመስግኖኝ ክዳኑን ገጠመው።